ፖንጎክ፦ ምንጩን ያልሸጠች መንደር

ውሃ ውስጥ ሞተር ሳይክል ቆሟል። ላዩ ላይ ሸሚዝ የለበሰ ወጣት ተቀምጧል። ጉንጩን ነፍቶ ትንፋሹን ይዟል፤ ሁለት እጁ መሪው ላይ ነው። ከኋላው አንዲት ልጅ ወገቡን ይዛለች፤ ፀጉሯ ወደ ላይ ተበትኗል። ቀያይ ዓሦች በመሃላቸው እየተሹለኮለኩ ያልፋሉ። ፎቶ አንሺው መነጽሩን አጥልቆ ፊት ለፊታቸው ይንሳፈፋል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ያነሳቸውና ሦስቱም አየር ፍለጋ ወደ ላይ ይወጣሉ። ያስላሉ፣ ይስቃሉ። ልጅቷ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር ትላለች። እንደገና ይጠልቃሉ።

ይህ ባሕር አይደለም። ኢንዶኔዥያ ውስጥ፣ ጃቫ ደሴት መሃል፣ በሩዝ ማሳ የተከበበች የአንዲት ትንሽ መንደር ምንጭ ነው። ምንጩ ኡምቡል ፖንጎክ ይባላል። ኡምቡል በጃቫኛ ምንጭ ማለት ነው። ስፋቱ 50 በ25 ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱ ከ1.5 ሜትር ጀምሮ 3 ሜትር አይሞላም። ከትልቅ የሆቴል ዋና ገንዳ ብዙም አይበልጥም። በዚህች ውሃ ግን 2,000 ያህል ሰው የሚኖርባት መንደር ኑሮዋን ቀይራለች።

ኢንዶኔዥያ ሲባል ብዙ ሰው ባሊን ነው የሚያስበው። መሬት በርካሽ ይዞ፣ ቪላ ሠርቶ፣ ለቱሪስት ማከራየት። ወይም ደግሞ ኢንዶሚ። እኔ ለዚህ የጉዳይ ጥናት የመረጥኩት ፖንጎክን ነው። ገጠር መኖር፣ ገጠር ገንዘብ ማዋልና ገጠር መጎብኘት የሚባሉት ሦስቱ ነገሮች እዚህች መንደር ላይ አንድ ቦታ ተገናኝተዋል። ደግሞም ገንዘብ ይዞ ለሚመጣ የውጭ ሰው በሩ የት ድረስ እንደሚከፈት ጥሩ አድርጋ ታሳያለች። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ፖንጎክ ያለችው በመካከለኛው ጃቫ፣ ክላተን አውራጃ፣ ፖላንሃርጆ ወረዳ ነው። በዮግያካርታና በሶሎ ከተሞች መካከል ማለት ነው። በስተምዕራብ መራፒ እሳተ ገሞራ ቆሟል። መራፒ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ወደ ተራራው ሆድ ይሰርግና ታች ሜዳው ላይ ሲደርስ በምንጭ መልክ ይፈልቃል። ስለዚህ አካባቢው በምንጭ የታደለ ነው፤ በደች ቅኝ ግዛት ዘመን የሸንኮራ አገር የነበረውም ለዚሁ ነው። ፖንጎክ ብቻዋን ከአንድ በላይ ምንጭ አላት።

ውሃው ይኑር እንጂ ገንዘቡ አልነበረም። መንደሯ መንግሥት ወደኋላ ቀርተዋል ብሎ ከመዘገባቸው አንዷ ነበረች። ሰው ሩዝ ያመርታል፣ በምንጩ ውሃ ዓሣ ያረባል፣ ልብስ ያጥብበታል፣ ከብት ያጥብበታል። ችግር ሲመጣ ደግሞ አራጣ አለ። ጃቫ ገጠር ውስጥ በሞተር እየዞሩ በየቤቱ የሚያበድሩና በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ፤ ሰዉ ባንክ ፕሌቺት ይላቸዋል። ባንክ ይባሉ እንጂ ባንክ አይደሉም። ወለዱ ራስ ያዞራል።

ነገሩ መለወጥ የጀመረው ጁናዲ ሙልዮኖ የተባለ ሰው የመንደሯ አስተዳዳሪ ሆኖ ከተመረጠ በኋላ ነው። የኢንዶኔዥያ መንደር አስተዳዳሪ ከላይ የሚሾም አይደለም፣ ነዋሪው በድምፁ የሚመርጠው ነው። ሰውየው መጀመሪያ ያደረገው ነገር ለወሬ አይመችም። ከጋጃ ማዳ ዩኒቨርሲቲ ለመስክ ሥራ የሚመጡ ተማሪዎችን ይዞ መንደሩን አስጠና። ማን ምን አለው? ማን ዕዳ አለበት? ውሃው የት ይሄዳል? ከዚያ ታኅሣሥ 2009 ላይ ቲርታ ማንዲሪ የሚባል የመንደር ድርጅት ተቋቋመ። ቲርታ ውሃ፣ ማንዲሪ ራሱን የቻለ ማለት ነው። መነሻው 100 ሚሊዮን ሩፒያ ገደማ ነበር። ዜሮው ብዙ ነው እንጂ በጊዜው ምንዛሪ 10 ሺህ ዶላር ቢሆን ነው።

እንዲህ ያለውን ድርጅት በአገሩ ቡምዴስ ይሉታል። ቀበሌ የራሱ ኩባንያ ኖሮት እየነገደ ትርፉን ለቀበሌው ሲያስገባ አስቡት። በ2014 የወጣው የመንደሮች ሕግ ቡምዴስን አጠናከረው። በ2021 የወጣው ደንብ ደግሞ በራሱ ስም የሚዋዋልና የሚከሰስ ሕጋዊ ሰውነት ሰጠው። ፖንጎክ ግን ሕጉ እስኪወጣ አልጠበቀችም፣ አምስት ዓመት ቀድማዋለች።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። ምንጩን መዝናኛ ለማድረግ ገንዘብ ያስፈልግ ነበር። ቀላሉ መንገድ ከጃካርታ አንድ ባለሀብት አምጥቶ ለ30 ዓመት ማከራየት ነው። መንደሩ በየዓመቱ ኪራይ ይቀበላል፣ ወጣቱ በጥበቃና በጽዳት ይቀጠራል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ አለቀ። ፖንጎክ ይህን አላደረገችም። ለራሷ ሰዎች ድርሻ ሸጠች። አንድ አባወራ 5 ሚሊዮን ሩፒያ ያስገባል፤ በዛሬ ምንዛሪ 300 ዶላር ገደማ። ከትርፉ ደግሞ ድርሻውን ይወስዳል።

መጀመሪያ ሰው አላመነም። ማን ይመን? ልብሱን የሚያጥብበት ውሃ ውስጥ ሰው ገብቶ ዓሣ ሊያይ ቲኬት ይቆርጣል ቢባል ማን ነው 5 ሚሊዮን የሚያወጣው! ኋላ ግን ከመንደሩ አባወራዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባለድርሻ ሆኑ። ሥራው በደራበት ሰዓት 5 ሚሊዮን ያስገባ ሰው በወር እስከ 500 ሺህ ሩፒያ ያገኝ እንደነበር የአገሪቱ ጋዜጦች ጽፈዋል።

እዚች ቁጥር ላይ ትንሽ ልቁም። በወር 500 ሺህ ማለት ያስገቡት ገንዘብ በ10 ወር ተመልሶ ይመጣል ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ትርፍ የሚያስገኝ ጤነኛ ንግድ አላውቅም። ሌላ ቦታ፣ ሌላ ሰው እንዲህ ቢለኝ ኪሴን ይዤ ነበር የምሮጠው። የፖንጎክ ግን ምክንያት አለው። ትልቁ ካፒታል ሒሳብ ውስጥ አልገባም። ውሃው በነጻ ነው፣ ምንጩ የመንደሩ ነው፣ ገንዳው ከድሮም ነበር። ሰው ያዋጣው ለመልበሻ ክፍል፣ ለካሜራ፣ ለአጥርና ለመሳሰለው ነው። በጥሬ ገንዘብ የተዋጣው ትንሽ፣ ከሥሩ የተኛው ሀብት ግዙፍ ሲሆን ትርፉ በመቶኛ ሲሰላ ጣሪያ ይነካል። ያንን ሀብት ለአንድ የውጭ ባለሀብት አሳልፈው ቢሰጡት ኖሮ 10 ወር የሚቆጥረው እሱ ነበር።

ሞተር ሳይክሉስ? እሱ የልጆቹ ጥበብ ነው። ዓሣ ያለበት ምንጭ ክላተን ውስጥ ሞልቷል። ፎቶ የሚያስነሳ ምንጭ ግን አልነበረም። ሞተር አሰመጡ፣ ሶፋ አሰመጡ፣ ቴሌቪዥን አሰመጡ፣ ድንኳን ተከሉ። ስማርት ስልክና ኢንስታግራም በየኪሱ የገባበት ጊዜ ነበር። ማስታወቂያውን ጎብኚው ራሱ በነጻ ሠራላቸው። የድርጅቱ ዓመታዊ ገቢ በ2016 ከ10 ቢሊዮን ሩፒያ አለፈ። በ2017 ደግሞ 14 ቢሊዮን ገደማ ደረሰ፤ በጊዜው ምንዛሪ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው።

ለማነጻጸር ያህል፦ ኢንዶኔዥያ ከ2015 ጀምሮ ለየመንደሩ ከማዕከል በጀት ትልካለች። በ2020 የተመደበው 72 ትሪሊዮን ሩፒያ ነበር። 75 ሺህ ለሚሆኑ መንደሮች ሲካፈል አንዱ መንደር 1 ቢሊዮን እንኳ አይሞላለትም። ፖንጎክ ቲኬትና ካሜራ እያከራየች የዚህን ከአሥር እጥፍ በላይ ታንቀሳቅስ ነበር። የማወራው ስለ ሽያጭ ነው፣ የተጣራ ትርፍ አይደለም። ሁለቱን የሚያምታታ ጽሑፍ ስለ ፖንጎክ ብዙ አለ።

ትርፉ ሁሉም በድርሻ አልተከፋፈለም። መንደሩ ለየቤቱ አንድ ምሩቅ የሚል ዕቅድ አወጣ፤ ዩኒቨርሲቲ ለገባ የመንደሩ ልጅ በወር 300 ሺህ ሩፒያ ይሰጣል። የመንደር ሱቅ ተከፈተ። ከድርጅቱ ክፍሎች አንዱ ቁጠባና ብድር ነው፤ ያው የባንክ ፕሌቺትን እንጀራ መዝጋት ነው።

እሺ፣ ታዲያ የውጭ ሰው እዚህ ገንዘብ ማዋል ይችላል ወይ? በአጭሩ፣ ባሰበው መንገድ አይችልም። የድርሻው በር ለመንደሩ ሰው ነው የተከፈተው። መሬቱም እንደዚያው። በ1960 የወጣው የመሬት ሕግ ሙሉ ባለቤትነትን፣ ሃክ ሚሊክ የሚሉትን፣ ለኢንዶኔዥያ ዜጋ ብቻ ነው የሰጠው። የውጭ ሰው የሚያገኘው ሃክ ፓካይ ነው፣ የመጠቀም መብት። ለመኖሪያ ቤት መጀመሪያ 30 ዓመት፣ ሲራዘም 20፣ ሲታደስ ሌላ 30። የኛን አገር ሊዝ የሚያውቅ ሰው ሐሳቡ አይጠፋውም። ወይም ተራ ኪራይ ነው። ኩባንያ አቋቁሜ ልግባ ካሉ ደግሞ በውጭ ካፒታል ለሚቋቋም ድርጅት የኢንቨስትመንት ዕቅዱ ከመሬትና ከሕንፃ ውጪ ከ10 ቢሊዮን ሩፒያ በላይ መሆን አለበት። 600 ሺህ ዶላር ገደማ ማለት ነው። አንድ ካፌና ሦስት ክፍል ለመሥራት ይህን የሚያወጣ ሰው ካለ ሌላ ችግር አለበት።

አቋራጩን መቼም የሚያውቅ ያውቀዋል። መሬቱን በአገሬው ሰው ስም መግዛትና በጎን ወረቀት መፈራረም። ባሊ ላይ በዚህ መንገድ የገቡ የውጭ ሰዎች ቁጥር ቀላል አይደለም። የመሬት ሕጉ አንቀጽ 26 ግን ቁርጥ አድርጎ አስቀምጦታል። መሬት በቀጥታም ሆነ በዘወርዋራ ለውጭ ሰው የሚያስተላልፍ ውል ፈራሽ ነው፣ መሬቱ ለመንግሥት ይሆናል፣ የተከፈለውም አይመለስም። ስሙን ያዋሰው ሰው ቢሞት፣ ቢፋታ፣ ወይም ልቡ ቢለወጥ ፍርድ ቤት የጎን ወረቀትዎን አያይልዎትም። ይህን መንገድ ማንም ቢያሳምርልዎ አይግቡበት።

መኖር ሌላ ነገር ነው። መኖር ይቻላል፣ ደስም ይላል። አንድ ኢትዮጵያዊ ጃቫ ገጠር ቢገባ የሚገርመው እንግዳነቱ ሳይሆን ስንቱን ነገር ቤቱ እንዳለ ማግኘቱ ነው። አሪሳን የሚባል ነገር አላቸው። ጎረቤት በወር ተሰብስቦ እኩል ያዋጣል፣ ዕጣ ይወጣል፣ የወጣለት ይወስዳል። እቁብ ነው እንግዲህ፤ ሌላ ስም የለውም። ጎቶንግ ሮዮንግ ደግሞ ደቦ ነው። ቦይ ሲጠረግ፣ ቤት ሲሠራ፣ ሰርግ ሲኖር ሰው ይጠራራል፣ የቀረ ይታማል። ሌሊት ወንዶች በተራ ሮንዳ ይወጣሉ፣ የሰፈር ጥበቃ ማለት ነው። ከጥበቃ ጎጆው ላይ የተቦረቦረ እንጨት ይንጠለጠላል። አደጋ ሲኖር እሱ ይመታል፤ ምቱ እንደ አደጋው ዓይነት ይለያያል።

ቋንቋውም እንደኛው ሰው ያያል። ጃቫኛ ውስጥ ለልጅ የሚነገረው ቃልና ለአባት የሚነገረው ቃል ይለያያል። የኛ አንተና አንቱ ተውላጠ ስሙና ግሱ ላይ ያበቃል። እነሱ ግን መብላት፣ መተኛት፣ ቤት የሚሉትን ቃላት ራሳቸውን ይቀይሯቸዋል። እንግዳ ይህን አይጠበቅበትም። በኢንዶኔዥኛ ትልቁን ወንድ ፓክ፣ ትልቋን ሴት ቡ፣ እኩያውን ማስ፣ እኩያዋን ምባክ ብሎ ከጠራ ይበቃዋል። በባዶ ስም መጥራት ግን ያስቀይማል።

አንድ ግዴታ አለ። በየሰፈሩ መግቢያ ላይ እንግዳ በ24 ሰዓት ውስጥ ያሳውቅ የሚል ሰሌዳ ያያሉ። የሰፈር አለቃው ፓክ ኤርቴ ይባላል። ፓስፖርት ይዞ ቤቱ መሄድ ነው። ለባለሥልጣን ሪፖርት የማድረግ ያህል ከባድ አይደለም። ሻይ ይቀርባል፣ ስንት ልጅ አለህ ይባላል፣ ሃይማኖትህ ምንድን ነው ይባላል። ካላገቡ ደግሞ ለምን የሚል ይከተላል።

ጉዞው ቀላል ነው። የአሜሪካና የአብዛኛው አውሮፓ ፓስፖርት ያለው 500 ሺህ ሩፒያ ከፍሎ ሲገባ የ30 ቀን ቪዛ ያገኛል፣ አንድ ጊዜ ያራዝማል። ሥራ መሥራት አያስችልም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሚሄድ አስቀድሞ ቪዛ ማውጣት ነው። ኢንዶኔዥያና እስራኤል የዲፕሎማሲ ግንኙነት ስለሌላቸው በእስራኤል ፓስፖርት መሄድ ሌላ ጣጣ ነው። ከጃካርታ ዮግያካርታ በባቡር ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይፈጃል። ከዚያ በ2021 ሥራ የጀመረው የዮግያካርታ–ሶሎ የኤሌክትሪክ ባቡር አለ። ዋጋው 8,000 ሩፒያ ነው፣ 50 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ። ክላተን ወይም ደላንጉ ወርዶ በኦጄክ፣ ማለትም በሞተር ታክሲ፣ መሄድ ነው። ደላንጉ በሩዙ ስሙ የታወቀ ቦታ ነው። በመስኮት የሚታየው አረንጓዴ ሁሉ እሱ ነው። በመተግበሪያ የሚጠራ ሞተር ከከተማ ሲወጡ በሽ ነው። ከመንደር ሲመለሱ ግን ላይገኝ ስለሚችል ከሹፌሩ ጋር መመለሻውን ቀድሞ መነጋገር ይሻላል። ቅዳሜና እሁድ አይሂዱ፤ ውሃው ውስጥ ከዓሣው ይልቅ ሰው ይበዛል።

የማያስደስተውን ሳልጽፍ ብቀር ይህ የጉዳይ ጥናት ሳይሆን ማስታወቂያ ይሆናል።

የመጀመሪያው ሥጋት ኩረጃ ነው። ፖንጎክ ሲሳካላት የክላተን ምንጭ ያለው መንደር ሁሉ ገንዳውን አጸዳ። አሁን ኡምቡል ማንተን አለ፣ ኡምቡል ፔለም አለ፣ ሌላም ሌላም። ሞተር ማስመጥ የፈጠራ መብት የለውም። ውሃው እንደ ድሮው ይፈልቃል፤ ብርቅነቱ ግን አንዴ ካለቀ አይፈልቅም። ፖንጎክ ለልጆች የሚሆን ሌላ የውሃ መጫወቻ ጨምራለች። የአዋቂውን ወሬ ግን እንደ ሞተሩ የሚስብ ነገር ማግኘት ቀላል አይሆንም።

ሁለተኛው በአንድ ገቢ መንጠልጠል ነው። በ2020 ኮሮና መጣና መዝናኛዎች ተዘጉ። ቲኬት የለም፣ ካሜራ የለም፣ ወርሃዊ ክፍያም እንደ ድሮው ሊሆን አይችልም። ድርሻውን እንደ ደሞዝ ቆጥሮ የተበደረ ቤተሰብ ካለ የደረሰበትን መገመት አያቅትም። ድርሻና ደሞዝ አንድ እንዳልሆኑ መንደር ስብሰባ ላይ ማን ይናገራል? ጥሩ ወር ላይ እንዲህ ያለ ነገር የሚናገር ሰው ሟርተኛ ነው የሚባለው።

ሦስተኛው መሬቱ ራሱ ነው። በግንቦት 2006 ዮግያካርታንና ክላተንን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ከ5,700 በላይ ሰው ገድሏል፤ ከክላተን ብቻ ከ1,000 በላይ ሞተዋል። መራፒ በ2010 ፈንድቶ ከ350 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ውሃውን የሚሰጠው ተራራ ነው ይህንንም የሚያደርገው።

አራተኛው የውሃ ጠብ ነው። ከ2002 ጀምሮ በዚያው ወረዳ አንድ ትልቅ የታሸገ ውሃ ፋብሪካ ይሠራል። ብዙም ሳይቆይ የአካባቢው ገበሬዎች የመስኖ ውሃችን ቀነሰ ብለው ተቃውሞ አሰምተዋል። ክርክሩ የሚመለከተው ፖንጎክን ብቻ አይደለም። ግን የጎብኚው ገንዳ፣ የሩዙ ማሳና ጠርሙሱ ሁሉም ከአንድ ተራራ ሆድ ነው የሚቀዱት።

ከነዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚከነክነኝ ድርሻ ያልገዛው ሰው ነው። 5 ሚሊዮን ሩፒያ ላለው ሰው ብዙ አይደለም፤ ለቀን ሠራተኛ ግን ብዙ ነው። መጀመሪያ ላይ ያመነና የነበረው ገባ። ያላመነ ወይም ያልነበረው ቀረ። ምንጩ የሁሉም ሆኖ ሳለ ወርሃዊው ክፍያ ለባለድርሻ ብቻ ይሄዳል። ለተማሪዎች የሚሰጠው ድጎማ ክፍተቱን በከፊል ይሸፍናል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይዘጋውም። ይህን ከሩቅ ሆኖ መተቸት ይቀላል። የተሻለ አማራጭ ያሳየ መንደር ደግሞ ብዙ አልታየም።

ከረመዳን ጾም ዋዜማ አካባቢ ብትሄዱ ሌላ ፖንጎክ ታያላችሁ። ጃቫዎች ጾሙ ከመግባቱ በፊት ምንጭ ወርደው ይታጠባሉ፣ ፓዱሳን ይሉታል። ቁርዓን ያዘዘው ሳይሆን የቆየ የጃቫ ልማድ ነው፤ ለኛ ጠበል እንደ መግባት ያለ ነገር። የክላተን ምንጮች በዚያን ቀን በሰው ይጥለቀለቃሉ። አያቶች ከነልብሳቸው እስከ አንገታቸው ይገባሉ፣ እናቶች የሕፃን ጭንቅላት ላይ ውሃ ያፈሳሉ፣ ጎረምሶች ከግንቡ ላይ ዘለው ሰውን ሁሉ ይረጫሉ። ፎቶ አንሺውም መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ዳር ቁጭ ይላል። ውሃው በሰው ስለሚደፈርስ ሞተሩ አይታይም።